ከአዳራሹ ጓዳ፦ የቼክና የስሎቫክ ምግብ ቤት በባዕድ አገር

ከቼክና ከስሎቫክ ምድር ርቀው የሁለቱን ሕዝቦች ምግብ ሲያቀርቡ ከኖሩት ዕውቅ ቤቶች ብዙዎቹ መነሻቸው ንግድ አልነበረም። በኒው ዮርክም ሆነ በለንደን በመጀመሪያ የተቋቋመው ማኅበር ነው። ማኅበሩ ገንዘብ አዋጥቶ አዳራሽ ሠራ፤ አዳራሹ ለስብሰባና ለዳንስ የሚመጣውን ሰው የሚያበላ ጓዳና የሚያጠጣ ባንኮኒ አስፈለገው፤ ምግብ ቤቱ ከዚያ ጓዳ ተወለደ። ይህን አመጣጥ ያላወቀ ሰው በእነዚህ ቤቶች ሳህኑ ለምን እንደሚሞላ፣ ዋጋው ለምን ቀላል ሆኖ እንደቆየ፣ አንዱ ቤት ተዘግቶ ሌላው ለምን እንደሰነበተ ለመረዳት ይቸገራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቪየና ግን ከዚህ ለየት ትላለች። ቦሄሚያና ሞራቪያ የሚባሉት የቼክ አገሮች እስከ 1918 ድረስ በሀብስበርግ ነገሥታት ሥር ስለነበሩ ለቼክ ገጠር ሰው ቪየና የባዕድ ከተማ ብቻ ሳትሆን መናገሻውም ነበረች። ወንዱ ለጡብ ሥራና ለልብስ ስፌት፣ ሴቷ ለቤት ሠራተኝነት ወደዚያ ይጎርፉ ነበር። በ1900 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከመቶ ሺህ በላይ የቪየና ነዋሪዎች የዕለት መግባቢያችን ቼክኛ ነው ብለው ተመዝግበዋል። በጌቶች ቤት እጅግ የምትፈለገው የቦሄሚያ ወጥ ሠሪ ነበረች። እሷም ይዛ የመጣችውን ሁሉ፣ በጃም የተሞላውን ቡህታ፣ በመካከሉ ፍራፍሬ ወይም ጣፋጭ አይብ የሚቀመጥበትን ክብ ኮላች፣ ያለ ስኳር ለሰዓታት በእሳት ላይ የሚወፍረውን የፕለም ፖቪድላ በአሠሪዎቿ ገበታ ላይ አኖረች። ዛሬ እነዚህ በቪየና ምግብ ቤቶች የከተማዋ የራሷ ምግቦች ሆነው ይሸጣሉ። በፕራተር መናፈሻ የሚገኘውና ስሙ «የስዊስ ቤት» የሚል ትርጉም ያለው ታዋቂ ምግብ ቤትም ከ1920 ጀምሮ በያዘው የኮላሪክ ቤተሰብ ሥር ከቼክ ከተማ ቡዴዮቪትሴ በመጣ ቢራና በአሳማ ቅልጥም ጥብስ ነው ስሙን ያስጠራው። ቪየና የቼክን ማዕድ ውጣ የራሷ ስላደረገችው «የቼክ» የሚል ሰሌዳ የሚያሰቅል ምክንያት ብዙም አልነበረም። ሰሌዳው ያስፈለገው ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ምግቡን ማንም በማያውቅበት አገር ነው።

ማዕዱ ራሱ እንደሚታሰበው ጥንታዊ አይደለም። ቼኮች የሚታወቁበትን ምግብ በአንድ ትንፋሽ «ቬፕርዦ ክኔድሎ ዜሎ» ብለው ይጠሩታል፤ የአሳማ ጥብስ፣ ክኔድሊክና የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ማለት ነው። ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ስቪችኮቫ ነው። የበሬ ሥጋ ከካሮት፣ ከፓርስሊና ከሰለሪ ሥር ጋር ለረጅም ሰዓት በእሳት ላይ ይቆያል፤ አትክልቱ ተፈጭቶ በክሬም ይወፍርና ስጎ ይሆናል፤ በላዩ የሎሚ ቁራጭ፣ የክራንቤሪ ጃምና የተመታ ክሬም ይቀመጥበታል። ከሥጋ ጋር ጣፋጭ ነገር ማየት ላልለመደ ሰው ይህ ሳህን መጀመሪያ ግራ ያጋባል። ለበዓልና ለእሑድ ዳክዬ ወይም ዝይ በካራዌይ ዘር ተጠብሶ ይቀርባል። በስሎቫኮች በኩል ያለው ዋና ምግብ ሃሉሽኪ ነው። ጥሬ ድንች በመፋቂያ ይፋቅና ከዱቄት ጋር ይለወሳል፤ ሊጡ በሰፋፊ ቀዳዳ ወንፊት እየተገፋ ወደ ፈላ ውሃ ይወርዳል፤ ሲንሳፈፍ በጭልፋ ይወጣና ብሪንዛ በሚባል ለስላሳ የበግ አይብ ይታሻል፤ የተጠበሰ የአሳማ ጮማ ከነስቡ ይፈስበታል።

ክኔድሊኩ ግን የሁሉም ምሰሶ ነው። ሻካራ ሆኖ የተፈጨ የስንዴ ዱቄት በወተት፣ በእንቁላልና በእርሾ ይቦካል፤ የሰነበተ ነጭ ዳቦ በትናንሹ ተቆርጦ ይገባበታል። ሊጡ ኩፍ ሲል ረዘም ያለ ድቡልቡል ይደረግና በሚፈላ ጨው ባለው ውሃ ወይም በእንፋሎት ይበስላል። ወጥ ሠሪዋ ከድስቱ እንዳወጣችው በስንጥር ወጋ ወጋ ታደርገዋለች፤ የታመቀው እንፋሎት ቶሎ ካልወጣ ክኔድሊኩ ሟሽሾ ይጠነክራል። ቢላም አይነካውም፤ ክር ከሥሩ ይገባና ሁለቱ ጫፎች ከላይ ተጠላልፈው ሲሳቡ ቁራጩ ሳይደፈጠጥ ይለያል። ጥሩ ክኔድሊክ የሚታወቀው በራሱ ጣዕም ሳይሆን ስጎውን መጥጦ በመያዙ ነው። በመሆኑም ሰው አንድ ምግብ ቤት እውነተኛ መሆኑን ለመፈተን ከሥጋው ይልቅ ክኔድሊኩን ያያል።

የእነዚህ ነገሮች ዕድሜ ሲቆጠር አብዛኛው ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና ከ19ኛው መጀመሪያ ወዲህ የመጣ ነው። ድንች በቼክና በስሎቫክ ገበሬ ማሳ ላይ የተስፋፋው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ብሪንዛን በፋብሪካ ደረጃ ማምረት የጀመረው ያን ቫጋች በ1787 በዴትቫ ከተማ ነው። የቼክ ባለሙያ ሴቶች በቋንቋቸው አንብበው ያበሰሉበት የማግዳሌና ዶብሮሚላ ረቲጎቫ የወጥ ቤት መጽሐፍ የታተመው በ1826 ነው። ቢራውም ቢሆን የቅርብ ነው። በ1838 የፕልዘን ከተማ ሰዎች በከተማቸው ቢራ መበላሸት ተማርረው 36 በርሜል ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት አፍስሰውታል ይባላል፤ ከዚያም አዲስ ፋብሪካ አሠርተው ከባቫሪያ ዮሴፍ ግሮል የተባለ ጠማቂ አስመጡ። እሱ በ1842 የጠመቀው ጥርት ያለ ወርቃማ ቢራ በከተማዋ ስም ፒልስነር ተብሎ በዓለም ተሰራጨ። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች በመርከብ ሲሳፈሩ ፒልስነር ገና የአንድ ትውልድ ዕድሜ እንኳ አልነበረውም። በቺካጎ የተወለዱ ልጆች «የአያት ቅድመ አያት ምግብ» ብለው የተቀበሉት ማዕድ ወላጆቻቸው በወጣትነታቸው ገና የለመዱት፣ አብዛኛውም ገበሬው በእሑድና በበዓል ብቻ የሚያየው ነበር። በአዘቦት ቀን የገጠሩ ሰው የሚበላው ድንች፣ ገንፎ፣ ሾርባና ጥቁር ዳቦ ነው። የባዕድ አገሩ ምግብ ቤት የእሑዱን ገበታ ወስዶ የየዕለት አደረገው።

ወደ አሜሪካ የተደረገው የቼኮች ፍልሰት የበረታው በሀብስበርግ ግዛት ገባርነት ከተሻረበትና የ1848ቱ አብዮት ከከሸፈበት ጊዜ ወዲህ ነው። ከፊሉ በቴክሳስ፣ በአዮዋና በነብራስካ መሬት ገዝቶ አረሰ፤ ከፊሉ በሴንት ሉዊስ፣ በቺካጎ፣ በክሊቭላንድና በኒው ዮርክ ሠራተኛ ሆነ። በ1854 በሴንት ሉዊስ የተቋቋመው የቼክ ስላቮች የመረዳጃ ማኅበር ለብዙዎቹ አርአያ ሆነ። አሠራሩ ከእድር ብዙም አይርቅም፤ አባል በየጊዜው ያዋጣል፤ ሲታመም ይጠየቃል፤ ሲሞት ማኅበሩ ይቀብረዋል፣ ለቤተሰቡም ገንዘብ ይሰጣል። በ1862 በፕራግ የተመሠረተው ሶኮል የተባለው የአካል ማጎልመሻ ማኅበርም ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያችው በሴንት ሉዊስ ቅርንጫፍ ከፈተ። እነዚህ ማኅበራት ለቼኩ ስደተኛ ከማንም ስደተኛ ይልቅ ያስፈለጉበት ምክንያት አለ። ከቼክ ስደተኞች ብዙዎቹ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን የሀብስበርጎች አጋር አድርገው ስለሚያዩ አሜሪካ ሲደርሱ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ራሳቸውን ነጻ አሳቢ ብለው ጠሩ። ሰርጉ፣ የሙት መታሰቢያው፣ የልጆች ትምህርት ቤቱ፣ ቲያትሩ ሁሉ ወደ አዳራሹ ዞረ። በቺካጎ በ1877 የራሳቸውን የመቃብር ስፍራ እስከ መመሥረት ደረሱ። አዳራሹ ይህን ሁሉ ሲሸከም ጓዳው ሥራ ፈትቶ አያውቅም ነበር።

ቺካጎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ከፕራግና ከቪየና ቀጥሎ ብዙ ቼክ የሚኖርባት የዓለም ከተማ ትባል ነበር። ሠራተኞቹ የሰፈሩበት መንደር ፒልሰን ይባላል፤ ስሙ የወጣው አንድ ቼክ በ1870ዎቹ ከከፈተውና «በፕልዘን ከተማ» ብሎ ከሰየመው ምግብ ቤት እንደሆነ ይነገራል። ለሰፈር ስም የሚያወጣ ምግብ ቤት ብዙ አይገኝም። በ1892 እዚያው የተሠራው ታሊያ አዳራሽ ቲያትር፣ ሱቅና መኖሪያ በአንድ ሕንጻ የያዘ ነበር፤ ዛሬም ቆሟል። በኒው ዮርክ ደግሞ ቼኮች በማንሃታን ምሥራቅ በኩል ሰፍረው ሲጋር ይጠቀልሉ ነበር። ከመካከላቸው በኩትና ሆራ አቅራቢያ ባለው በሴድሌትስ የትምባሆ ፋብሪካ ሙያውን የተማሩ ነበሩ። ጋዜጠኛው ጄኮብ ሪስ በ1890 ባሳተመው የኒው ዮርክ ድሆች መጽሐፍ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቷቸዋል፤ ባል፣ ሚስትና ልጆች ከጠዋት እስከ ማታ በመኖሪያ ክፍላቸው ውስጥ ትምባሆ ሲጠቀልሉ ያሳያል። እነዚህ ሰዎች ናቸው ከደመወዛቸው ቆጥበው በ73ኛው መንገድ የቦሄሚያ ብሔራዊ አዳራሽን ያሠሩት፤ ሕንጻው በ1897 ተጠናቀቀ። ከወንዙ ማዶ በኩዊንስ፣ አስቶሪያ በሚባለው ሰፈር፣ በ1892 የተቋቋመ ሌላ መረዳጃ ማኅበር በ1910 መሬት ገዝቶ የራሱን አዳራሽ ጀመረ። ከአዳራሹ ጎን ያለው በግንብ የታጠረና ዛፍ የተተከለበት ግቢ እሑድ ከሰዓት ቤተሰብ ሙሉ ከነልጆቹ በረዣዥም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ የሚበላበትና ቢራ የሚጠጣበት ሆነ። በከተማዋ እንዲህ ያሉ ግቢዎች በመቶዎች ይቆጠሩ ነበር፤ ከእነዚያ ሁሉ እስከ ዛሬ የዘለቀ ጥንታዊ ግቢ እሱ ነው።

የእሑዱ ቢራ ግን ጣጣ አስከተለ። የአሜሪካ ፕሮቴስታንቶች እሑድ መጠጥ ቤት መከፈቱን እንደ ነውር ሲያዩት ለቼኩ ሠራተኛ እሑድ ያለ ቢራ እሑድ አልነበረም። በ1906 በቺካጎ የቼክ፣ የጀርመንና የሌሎች ስደተኞች ማኅበራት የእሑድ ቢራቸውን ለማስከበር ኅብረት ፈጠሩ። የዚህ ኅብረት ጸሐፊ ሆኖ ስሙ የገነነው በ1873 በክላድኖ የተወለደው፣ በከሰል ማዕድንና በፈረስ ጋሪ ሥራ ያደገው አንቶን ቸርማክ ነው። በ1920 መጠጥ በመላው አሜሪካ ሲከለከል አዳራሾቹ ዋናውን ገቢያቸውን አጡ፤ የምግቡ ድርሻ ያደገውም በከፊል ለዚህ ነው። ቸርማክ የክልከላው ጠላት ሆኖ በ1931 የቺካጎ ከንቲባ ለመሆን በቃ። በየካቲት 1933 በማያሚ ከተመራጩ ፕሬዚዳንት ከሩዝቬልት ጋር ሲነጋገር በጥይት ተመታና መጋቢት 6 ቀን ሞተ፤ ክልከላው የተነሣው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ነው። የቺካጎ 22ኛ መንገድ በስሙ ቸርማክ ተባለ።

ያ መንገድ ፒልሰንን አቋርጦ ወደ ምዕራብ ሲዘልቅ ሲሴሮና በርዊን የሚባሉ ከተሞች ይደርሳል፤ ኑሮው የተሻለለት ቼክም አብሮት ሄደ። ከአዳራሽ ጓዳነት የተላቀቀው፣ በራሱ እግር የቆመው ምግብ ቤት የደረሰው እዚያ ነው። አዶልፍ ክላስ በ1922 በሲሴሮ የከፈተው ቤት በተቀረጸ እንጨት፣ በሥዕልና በባለ ቀለም መስታወት ተሞልቶ የቦሄሚያ ግንብ እንዲመስል ተደርጎ ነበር። ሲሴሮ በዚያ ዘመን የወንበዴዎች አለቃው የአል ካፖኔ መናኸሪያ ስለነበረች እሱም እዚያ ይመላለስ ነበር የሚል ወሬ ከቤቱ አልጠፋም፤ እንዲህ ያለ ወሬ ግን በአካባቢው ያላስወራ አሮጌ ምግብ ቤት የለም። በነብራስካ ኦማሃ ደግሞ «ቦሄሚያን ካፌ» በ1924 ተከፈተ። የእነዚህ ቤቶች ሥርዓት ተመሳሳይ ነበር። በአንድ ዋጋ ሾርባ ይቀድማል፤ ብዙውን ጊዜ የጉበት ድቡልቡል የሚንሳፈፍበት ነው። ከዚያ ዳክዬ ወይም የአሳማ ጥብስ ከክኔድሊክና ከጎመን ጋር ይመጣል፤ ጎመኑ ኮምጣጣ ወይም ጣፋጭ እንደሆነ እንግዳው ይመርጣል፤ መጨረሻ ላይ ኮላች ይከተላል። ያልተጨረሰው ተጠቅልሎ ወደ ቤት ይሄዳል። አዳራሹ ለአባሉ ያደርግ የነበረውን ነጋዴውም ማድረግ ነበረበት፤ ደንበኛው ያው አባል ነውና ሳህኑ ሳይሞላ ቢቀርብለት ዝም አይልም።

የስሎቫኮቹ መንገድ ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜም በቼኮቹ ጥላ ሥር ተረስቷል። ስሎቫኪያ በሀንጋሪ መንግሥት ሥር ስለነበረች ስደቱ የመጣው ዘግይቶ፣ ከ1880ዎቹ ወዲህ ነው፤ የሄደውም በብዛት ወደ ፔንስልቬንያ ከሰል ማዕድንና ወደ ፒትስበርግ ብረት ፋብሪካዎች ነው። መጀመሪያ ወንዶች ብቻቸውን መጡ። አንዲት ባለትዳር ስሎቫክ ሴት ቤቷን ለብዙ ተከራዮች ከፍታ ታበስልላቸው፣ ታጥብላቸው፣ የቀንና የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች በአንድ አልጋ እየተፈራረቁ ይተኙ ነበር። የስሎቫክ ምግብ በአሜሪካ መጀመሪያ በገንዘብ የተሸጠው በዚህች ሴት ምድጃ ላይ ነው፤ ታሪኳን የሚናገር ሰሌዳ ግን የትም አልተሰቀለም። ስሎቫኮች ከቼኮቹ በተለየ ከቤተ ክርስቲያናቸው አልራቁም። ስለዚህ ወጥ ቤታቸው የሆነው የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ነው። በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ የምእመናኑ ሴቶች ድንችና አይብ የተሞላ ፒሮሂ የተባለ የሊጥ ምግብ በደርዘን እያዘጋጁ ለደብሩ ማሠሪያ ይሸጡ ነበር፤ በፒትስበርግ ዙሪያ ይህ ልማድ ዛሬም አለ። ሃሉሽኪም በዚያ መልኩን ለወጠ። ብሪንዛ በአሜሪካ ስላልነበረ መጀመሪያ በሌላ አይብ ተተካ፤ እየቆየም በፒትስበርግ በዚህ ስም የሚታወቀው በቅቤ የተጠበሰ ጥቅል ጎመንና ፓስታ መሰል ሊጥ ሆነ። ከስሎቫኪያ ተራሮች የመጣ እረኛ ስሙን እንጂ ሳህኑን አያውቀውም።

«የቼክና የስሎቫክ» የሚለው ጥምር ስም የተሠራውም በእነዚሁ አዳራሾች ዓለም ውስጥ ነው። በጥቅምት 1915 የሁለቱ ሕዝቦች የአሜሪካ ማኅበራት በክሊቭላንድ የቦሄሚያ ብሔራዊ አዳራሽ ተሰብስበው በአንድ መንግሥት ለመኖር ተስማሙ፤ በግንቦት 1918 ማብቂያ ደግሞ የነጻነቱ ንቅናቄ መሪ ማሳሪክ በተገኘበት በፒትስበርግ ሁለተኛው ስምምነት ተፈረመ። ጥቅምት 28 ቼኮዝሎቫኪያ ታወጀች። በአዲሲቱ ሪፐብሊክ ዘመን የውጭ ምግብ ቤቶች ሃሉሽኪን ከስቪችኮቫ ጎን በዝርዝራቸው አስገቡ፤ ፕራግ ውስጥ እንኳ ያን ያህል ጎን ለጎን የማይታዩ ምግቦች በቺካጎና በኒው ዮርክ አንድ ገበታ ተጋሩ።

ለንደን የደረሰው ቤት የጦርነት ልጅ ነው። ጀርመን አገራቸውን ስትይዝ ያመለጡ የቼኮዝሎቫኪያ ወታደሮች በፖላንድና በፈረንሳይ ዞረው ብሪታንያ ገቡ፤ ወደ 2,500 የሚሆኑት በብሪታንያ አየር ኃይል 310ኛ፣ 312ኛና 313ኛ ተዋጊ ስኳድሮኖች፣ በ311ኛው ቦምብ ጣይና በሌሎች ክፍሎች አገለገሉ። በ1946 በዌስት ሃምፕስቴድ፣ በዌስት ኤንድ ሌን ላይ ባለ አሮጌ ሰፊ ቪላ የቼኮዝሎቫክ ብሔራዊ ቤት ተቋቋመ። በየካቲት 1948 ኮሚኒስቶች በፕራግ ሥልጣን ሲይዙ በብሪታንያ የበረሩት ሰዎች በገዛ አገራቸው ተጠርጣሪ ሆኑ፤ አንዳንዶቹ ታሰሩ፣ አንዳንዶቹ እንደገና ድንበር ጥሰው ወደ ለንደን ተመለሱ። የቤቱ የምግብ ክፍል ለእነሱ ሥራ የሚፈለግበት፣ ከአገር ቤት የመጣ ወሬ የሚሰማበት ነበር። ነሐሴ 21 ቀን 1968 የዋርሶ ውል ጦር ቼኮዝሎቫኪያን ሲወር ሦስተኛው ማዕበል መጣ። ይህኛው ስደተኛ የተማረ፣ የከተማ ሰው ነበር፤ ቶሮንቶን፣ ስዊዘርላንድንና ምዕራብ ጀርመንን መረጠ። ከቀደሙት ማኅበራት ጋርም ወዲያው አልተዋደደም፤ የቀደሙት አዲሶቹን ኮሚኒስት ሸተቱን ሲሉ፣ አዲሶቹ ደግሞ የቀደሙትን ጊዜ ያለፈባቸው አድርገው ያዩ ነበር። ሁለቱም ወገን ሳይጣላ የሚቀመጥበት ቦታ ቢኖር የምግብ ክፍሉ ነበር።

በዚያ ዘመን የፕራጉ ኮሚኒስት መንግሥትም በበኩሉ የራሱን ምግብ ቤት ወደ ውጭ ልኳል። በ1958ቱ የብራስልስ ዓለም አቀፍ ትርኢት የቼኮዝሎቫኪያ ድንኳን ከፍተኛውን ሽልማት ሲያገኝ በመስታወት የተሠራው ምግብ ቤቱ ከትርኢቱ መነጋገሪያዎች አንዱ ነበር፤ በኋላ ተፈቶ ወደ ፕራግ ተመለሰና በሌትና ኮረብታ ላይ ተተከለ። በአገር ውስጥ ያለው ማዕድ ግን ያን ያህል አላማረበትም። የመንግሥት ምግብ ቤቶች ሁሉ የሚከተሉት የመመዘኛ መጽሐፍ ስንት ግራም ሥጋ፣ ስንት ግራም ዱቄት፣ ስንት ስብ እንደሚገባ ይደነግግ ስለነበር ስቪችኮቫ በየትም ከተማ አንድ ዓይነት ሆነ። ዛሬም በብዙ የቼክ ምግብ ዝርዝር ላይ ከሥጋው ስም ፊት ግራሙ ይጻፋል። የኮሚኒስቱ ሥርዓት በ1989 ከወደቀ በኋላ ፕራግን ለማየት የሄዱ የአሜሪካ ቼኮች የአያቶቻቸውን ምግብ በሲሴሮ ካለው የከሳ ሆኖ አገኙት።

ጥር 1 ቀን 1993 አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች። በውጭ ያሉት ሰሌዳዎች ግን አልተከፈሉም። እንዲያውም ጥምር ስሙ በውጭ ጠነከረ፤ በ1995 በአዮዋ፣ ሴዳር ራፒድስ የቼክና የስሎቫክ ብሔራዊ ሙዚየም ሲመረቅ የአሜሪካ፣ የቼክና የስሎቫክ ፕሬዚዳንቶች ክሊንተን፣ ሃቨልና ኮቫች ሦስቱም ተገኝተዋል። የምግብ ቤቶቹ ሰሌዳ ያልተከፈለበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ለሁለት የሚበቃ ደንበኛ አልነበረም። በ2004 ሁለቱም አገሮች የአውሮፓ ኅብረትን ሲቀላቀሉ ወደ ብሪታንያና አየርላንድ የሄደው ወጣት ሠራተኛ አዲስ ተመጋቢ ሆኖ መጣ፤ ከክኔድሊኩ በላይ የሚናፍቀው የተጠበሰ አይብና ኮፎላ የተባለውን የ1960ዎቹ ለስላሳ መጠጥ ነበር፤ ቤቶቹም ያንን ጨመሩ። ብሪንዛም ቢሆን የስሙ ባለቤትነት በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ተጠብቆለታል፤ «የስሎቫክ ብሪንዛ» ለመባል ከግማሽ በላዩ የበግ አይብ ሊሆን ይገባል።

በአሜሪካ ግን ሰፈሮቹ ተለወጡ። በፒልሰን ከ1950ዎቹና ከ1960ዎቹ ወዲህ የሰፈሩት ሜክሲኮአውያን ናቸው፤ ስሙ የቼክ ሆኖ የሚሸተው የበቆሎ ቂጣ ነው። ቀጥለው ሲሴሮና በርዊንም እንዲሁ ሆኑ። የኦማሃው ቦሄሚያን ካፌ የያዘው ቤተሰብ በ2016 ጡረታ ሲወጣ ከ92 ዓመት በኋላ ተዘጋ፤ የክላስ ቤትም ከዘጠና ዓመት በላይ ሠርቶ ቀርቷል። በቴክሳስ ምግቡ የዳነው ከምግብ ቤት በመውጣቱ ነው። ዌስት በምትባል ትንሽ ከተማ ኮላች በመኪና መንገድ ዳር የሚገዛ ቁርስ ሆነ፤ በቋሊማ የተሞላውና ቼክ ገበሬዎች በአገራቸው ያላዩት ክሎባስኒክ ደግሞ እዚያው ተፈለሰፈ።

የቆዩት ቤቶች ታሪክ ሲመረመር የምግቡ ጥራት ብዙም አይለያያቸውም፤ የሚለያያቸው የሕንጻው ባለቤት ማንነት ነው። በቤተሰብ እጅ የነበረው ልጆቹ ሐኪምና መሐንዲስ ሲሆኑ ወራሽ አጣ። በማኅበር እጅ ያለው ሊሸጥ ቢታሰብ እንኳ የአባላት ድምፅ ያስፈልገዋል። የማንሃታኑ የቦሄሚያ ብሔራዊ አዳራሽ ሊፈርስ ደርሶ በ2001 ለቼክ ሪፐብሊክ በአንድ ዶላር ተላለፈ፤ ታድሶ በ2008 ከተከፈተ በኋላ ቆንስላውን፣ የባህል ማዕከሉንና ምግብ ቤቱን በአንድ ጣሪያ ያዘ። የለንደኑ ቪላ እስከ ቅርብ ዓመታት ዳክዬና ክኔድሊክ ሲያቀርብ ቆይቷል። በአስቶሪያው ግቢ ዛሬ ከሚቀመጠው ሰው አብዛኛው ቼክም ስሎቫክም አይደለም፤ የአካባቢው ወጣት ነው፤ ጉላሽ ከተባለው የሥጋ ወጥና ከሃሉሽኪ ጎን ሃምበርገርም ይሸጥለታል። ንጹሕ ባህል እንዲጠበቅ የሚፈልጉ ይህን ሲነቅፉት ይሰማል፤ ነገር ግን መሬቱ የማኅበሩ ስለሆነ ከዚያ ቢራ የሚገኘው ገቢ ለሕንጻው ጥገናና ለስደተኞቹ ልጆች የቼክኛና የስሎቫክኛ ትምህርት ይውላል።